ይህ ውጅግራ የት ተሠራ? መቼስ?

የመክፈቻ ጥያቄ

መድረካችን ላይ ይህን ክር (ተከታታይ ውይይት) የከፈተው አዲስ አባል ነው። ቤተሰቡ ዘንድ ከቅድመ አያቱ የወረደ ረጅም ጠመንጃ አለ። ሁሉም ውጅግራ ይሉታል። ብረቱ ላይ በግራ በኩል የፈረንሳይኛ ጽሑፍና 1874 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። ከዚህ ተነስቶ ሁለት ነገር ደምድሟል። አንደኛ፣ ጠመንጃው የተሠራው በ1874 ነው። ሁለተኛ፣ ቅድመ አያቱ አድዋ ላይ ከጣሊያን ወታደር ማርከውታል። ፋብሪካውን እንድንነግረውና ዓመቱን እንድናረጋግጥለት ጠየቀ። ሁለት ፎቶ አያይዟል። አንዱ ከሩቅ የተነሳ ነው፣ ሌላው ደብዛዛ።

ክሩ በጣም ረዘመ፤ መሃል ላይም ተጋጋለ። አዲስ ገቢ ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ስለሚቸገር፣ ይህን ክፍል የምከታተለው እኔ ምላሾቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫቸዋለሁ። ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ምላሽ 1 እና 2

የመጀመሪያው እንኳን ደስ ያለህ ብሎ አለፈ። ሁለተኛው ዋጋውን ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም። ደግ አደረጉ።

ምላሽ 3

ቁም ነገሩ የተጀመረው እዚህ ነው። መላሹ ጠያቂውን ልጅ ወንድሜ እያለ በትህትና አረመው። 1874 የሞዴሉ ዓመት ነው እንጂ ጠመንጃው የተሠራበት አይደለም። የፈረንሳይ ጦር በ1866 የተቀበለው ሻስፖ የሚባል ጠመንጃ በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ነበር የሚተኩሰው። ባዚል ግራ የሚባል መኮንን ያንኑ ለናስ ቀለህ እንዲሆን አድርጎ አሻሻለው። ጦሩም በ1874 ተቀበለው። ከዚያ በኋላ በየትኛውም ዓመት ይሠራ፣ ግራ ጠመንጃ፣ እኛ ውጅግራ የምንለው፣ 1874 የሚለውን ጽሑፍ ይዞ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ጥይቱ 11 ሚሊሜትር ነው። አንድ በአንድ ይጎርሳል፤ የጥይት መጋዘን የለውም።

ሰዎች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። አንድ አሮጌ ጠመንጃ ላይ የሞዴሉ ዓመት፣ የባለቤትነት መብት የተሰጠበት ዓመት፣ የተሻሻለበት ዓመትና የተሠራበት ዓመት አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ጎልቶ በተጻፈው ላይ ነው። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሞዴሉ ዓመት ይሆናል።

ምላሽ 4

ይህኛው ሌላ ፎቶ ጠየቀ። የፈለገው አራት ቦታ ነው፦ የብረቱ አካል በግራ በኩል፣ በርሜሉ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ሥር፣ የማቀባበያው ብረት፣ የሰደፉ ቀኝ ጎን። አነሳሱንም አስተማረ። መብራት ፊት ለፊት ከበራ ማህተሙ ይጠፋል። ባትሪውን ከጎን፣ ከብረቱ ጋር ሊነካካ እስኪደርስ ዝቅ አድርጎ ማብራት ነው። ያኔ ጉድጓዱ ጥላ ይይዝና ፊደሉ ብቅ ይላል። ካልሆነም ስስ ወረቀት አልብሶ በእርሳስ ጎን ማሸት ይበቃል።

ምላሽ 5 እና 6

5ኛው ብረቱ ዝጓልና በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው አለ። 6ኛው ተቆጣ። ቃሉ ሻከር ያለ ነበር፤ ነገሩ ግን ልክ ነው። የፋብሪካ ማህተም ጥልቀቱ የጥፍር ውፍረት አይሞላም። አንድ ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ከተፈተገ በኋላ የትኛውም ባለሙያ ሊመልሰው አይችልም። ለስላሳ ጨርቅና ትንሽ ዘይት ይበቃል። እኔም ስንት ጠመንጃ እንደ መስታወት ተወልውሎ፣ ታሪኩ አብሮ ተጠርጎ አይቻለሁ፤ ያንገበግበኛል።

ምላሽ 7

ልጁ ተመለሰ። ባትሪውን ከጎን አብርቶ ያነሳቸው ፎቶዎች ቁልጭ ያሉ ናቸው። በግራ በኩል በቅጥልጥል የእጅ ጽሑፍ አምሳል «ማኑፋክቱር ዳርም፣ ሴንት ኤትየን» የሚል ተነበበ። ከሥሩ 1874፤ ከእሱ አጠገብ ደግሞ ኤም 80 አለ። በርሜሉ ሥር ላይ ኤስ የምትል ፊደልና 1878። ከዚያ አንድ ፊደልና አምስት አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር።

ምላሽ 8

ክሩ ውስጥ የፈረንሳይ ጠመንጃ የሚያውቅ አንድ አባል አለ፤ ፎቶውን አይቶ ወዲያው ፈታው። ሴንት ኤትየን የፈረንሳይ መንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት። በርሜሉ ላይ ያለችው ኤስ የእሷ ናት። ግራ ጠመንጃ የሠሩ ሌሎች የመንግሥት ፋብሪካዎችም አሉ፤ ሻቴልሮ ሲ ፊደልን፣ ቱል ቲ ፊደልን ይጠቀማሉ። ሙትዚግ የሚል ካነበባችሁ ግን ጠመንጃው መጀመሪያ ሻስፖ ሆኖ የተሠራና በኋላ የተለወጠ ነው። ሙትዚግ ያለችው አልዛስ ውስጥ ነው። አልዛስን ደግሞ ፈረንሳይ በ1871 ለጀርመን አስረክባለች። ግራ ጠመንጃ በመጣበት ጊዜ ፋብሪካዋ በፈረንሳይ እጅ አልነበረችም።

ስለዚህ በርሜሉ የ1878 የሴንት ኤትየን ሥራ ነው። ኤም 80 የምትለዋ ደግሞ በ1880 የወጣው ማሻሻያ ምልክት ናት። ቀድሞ ቀለህ ሲፈነዳ ጋዙ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣ ነበር። በማሻሻያው ጋዙን ወደ ጎን የሚያስተነፍስ ቦይ ተቆፈረለት። ከዚያ በፊት የተሠሩትም ወደ ፋብሪካ ተመልሰው ቦዩ ወጣላቸው፤ ማህተሙም ተጨመረ። የልጁ ጠመንጃ በ1878 ተወልዶ ከ1880 ወዲህ እንደገና ሠራተኛ እጅ ገብቷል ማለት ነው። አንድ የብረት ቁራጭ ላይ ሦስት ዓመት አለ፤ የተሠራበትን የሚናገረው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ምላሽ 9

አንዲት አባል ዘመን አቆጣጠሩን አስታወሰች። የፈረንጆቹ 1878 በእኛ 1870 ነው፤ ከመስከረም በኋላ ከሆነ 1871። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ጠመንጃው አድዋ ላይ ከነበረ 17 ወይም 18 ዓመት ያስቆጠረ ነበር።

ምላሽ 10

ሌላው የሷን ሲያነብ የራሱ ትዝ አለው። እሱ ቤት ያለው ጠመንጃ ላይ 1888 ተመቷል። የአድዋ ዓመት ስለሆነ ለድሉ መታሰቢያ የተመታ ነው ብሎ ቤተሰቡ ያምናል። 9ኛዋ ተመልሳ በአክብሮት ነገረችው። አውሮፓ ውስጥ ብረት ላይ የሚመታው የእነሱ ቁጥር ነው፤ በእኛ 1880 ወይም 1881 ላይ ይውላል። አድዋ በእነሱ 1896 ነው። ሰውየው አመስግኖ ፎቶ ላመጣ ነው ብሎ ሄደ። እስካሁን አላመጣም።

ምላሽ 11

እዚህ ላይ ጨዋታው ተለወጠ። 11ኛው ከጣሊያን ተማረከ የሚለውን ወሬ አነሳ። አድዋ ላይ የጣሊያን ጦር የያዘው ቬተርሊ ነው። ሞዴሉ 1870፣ ጥይቱ 10.4 ሚሊሜትር ነው፤ ከ1887 ወዲህ አራት ጥይት የሚይዝ መጋዘን ከሥሩ ተጨምሮለታል። ጣሊያኖች አዲሱን ካርካኖ በ1891 ቢቀበሉትም አድዋ ላይ የተዋጉት በቬተርሊ ነው። ቬተርሊ ማንበብ ለሚችል ሰው ቀላል ነው፤ በርሜሉ ላይ ቶሪኖ፣ ብሬሻ፣ ቴርኒ ወይም ቶሬ አኑንዚያታ የሚል የፋብሪካ ስምና ዓመት ይመታበታል። ስለዚህ ይህ የፈረንሳይ ጠመንጃ ከጣሊያን ወታደር እጅ ወጣ ማለት አይመስልም አለ።

ምላሽ 12 እና 13

12ኛው የልጁ የአጎት ልጅ ሆኖ ተገኘ። ተሰምቶታል። ቅድመ አያታቸው አድዋ መዝመታቸውን ቤተ ዘመድ ሁሉ ያውቃል፤ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው አያቶቻችንን ሊያስተምር አይችልም ሲል ጻፈ። 13ኛው ደግሞ በእሳት ላይ ቤንዚን ጨመረ። የቤተሰብ ወሬ ሁሉ ተረት ነው፤ እያንዳንዱ ሰው አያቱን አድዋ ያዘምታል ብሎ አፌዘ። ከዚያ በሁለቱ መካከል የተባባሉትን አልደግመውም። ሁለቱንም የግል መልእክት ልኬ አስቆምኳቸው።

ምላሽ 14

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። የማምነውን ተናገርኩ፤ አሁንም አምንበታለሁ። ማህተም ፋብሪካውን ይነግረናል። ዓመቱን ይነግረናል። ጠመንጃውን ተሸክሞ ማን እንደዘመተ ግን አይናገርም። ያንን የሚናገረው ሰው ነው። ስለዚህ ሁለቱ ለየብቻ ይጻፉ። አንድ ገጽ ላይ ብረቱ የሚለው፣ ሌላ ገጽ ላይ ቤተሰቡ የሚለው፣ ማን እንደተናገረና መቼ እንደተናገረ ጭምር። ማህተም ስላልደገፈው ብቻ የአያትን ቃል መጣል ትልቅ ጥፋት ነው። የአያት ቃል ስለሚያኮራ ብቻ ማህተሙን እንዳላዩ ማለፍም ያው ነው።

11ኛው ያፈረሰው መማረኩን ነው እንጂ መዝመታቸውን አይደለም። ይህን ለይተን እንይ አልኩ።

ምላሽ 15

ከእኔ ቀጥሎ የጻፉት በዕድሜ የገፉ፣ ወታደር የነበሩ ሰው ናቸው። አባላቱ ጋሼ ይሏቸዋል። እርሳቸው ሲጽፉ ክሩ ረገብ ይላል። የአጎቱን ልጅ ልጄ ብለው አጽናኑት። ከዚያ ነገሩን ከሥሩ አስረዱ። አድዋ ላይ ግራ ጠመንጃ የነበረው በእኛ ወገን ነው። ፈረንሳይ በ1886 ጭስ በሌለው ባሩድ የሚሠራውን ባለ 8 ሚሊሜትር ለበል ከተቀበለች በኋላ ግራ ለጦሯ ያረጀ ዕቃ ሆነ፤ እየተሸጠም ወጣ። አጼ ምኒልክ ከፈረንሳይ ነጋዴዎች ጋር ይሠሩ ነበር። ዕቃው በኦቦክና በታጁራ፣ በኋላም በጅቡቲ ወርዶ በግመል ወደ ሸዋ ይመጣል። የልጁ ቅድመ አያት ጠመንጃውን ይዘው ዘመቱ እንጂ እዚያ ማረኩት ማለት አያስፈልግም አሉ። ይህም ክብሩን አይቀንሰውም።

ይህን ምላሽ ብዙ ሰው ወደደው። የአጎት ልጅም ጋሼን አመሰገነ፤ 11ኛውን ግን ዝም አለው።

ምላሽ 16

አንዱ ዘሎ ገጣሚው አርተር ራምቦ ነው ያመጣቸው አለ። እዚያው ታረመ። ራምቦ በ1887 ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣው ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ግራ አልነበረም፤ ከአፈሙዙ የሚጎርስ፣ ሲመታ በሚፈነዳ ትንሽ ቆብ የሚተኮስ አሮጌ መሣሪያ ነበር። ስለ ግጥሙ ሦስት አራት ምላሽ ተከተለ፤ እነሱን ዘልያቸዋለሁ።

ምላሽ 17

ይህ አባል የራሱን ጠመንጃ ፎቶ አምጥቶ አድዋ ላይ የተማረከ እውነተኛ የጣሊያን ጠመንጃ ይኸውላችሁ አለ። ፎቶው ጥሩ ነው። በርሜሉ ላይ ቴርኒ የሚል ጽሑፍ ይነበባል። አጠገቡ ደግሞ ኤክስ፣ አይ፣ ቪ የሚሉ የሮማ ፊደላት አሉ።

ምላሽ 18

መልሱ በአንድ መስመር መጣ፤ ደረቅም ነበር። ይህ ካርካኖ ነው፣ ጥይቱ 6.5 ሚሊሜትር ነው፣ አድዋ ላይ ሊኖር አይችልም። የሮማው ቁጥር 14 ነው። የፋሺስቶች 14ኛ ዓመት ማለት ነው። ሙሶሊኒ ዘመኑን መቁጠር የጀመረው ሥልጣን ከያዘበት ከኦክቶበር 1922 ነው፤ 14ኛው ዓመት ከኦክቶበር 1935 መጨረሻ እስከ ኦክቶበር 1936 መጨረሻ ይሄዳል። መላሹ ጨርሶ ከመውጣቱ በፊት ሰዎች ከመለጠፋቸው በፊት ቢያነቡ ጥሩ ነበር የሚል ዘለፋ ጣል አደረገ።

ዕውቀቱ ልክ ነው። አነጋገሩ ግን ሰው ያሸሻል። አንድ ሰው ስለተዘለፈ ፎቶውን አጥፍቶ ቢሄድ የሚቀርብን ማስረጃው ነው።

ምላሽ 19

9ኛዋ አባል እንደገና ገባችና ነገሩን አቃናችው። 14ኛው ዓመት ውስጥ ምን እንደነበረ አስታወሰች። ማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ማርች 31 ቀን 1936። በእነዚያ ወራት ጣሊያን የያዘችው ካርካኖ ከማይጨው እስከ አርበኞቹ አምስት ዓመት ድረስ በብዙ መንገድ በኢትዮጵያዊ እጅ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የሰውየው ጠመንጃ የተማረከ አይደለም ማለት አይቻልም። የተማረከው በሌላ ጦርነት፣ በሌላ ትውልድ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡን እንደገና ጠይቅ አለችው።

ምላሽ 20

በማግስቱ 17ኛው ተመለሰ። እናቱን ጠይቆ ነበር። እናቱ ጠመንጃውን የያዙት የእሷ አባት መሆናቸውን፣ በጣሊያን ጊዜ ጫካ እንደነበሩ ነገረችው። አድዋ የዘመቱት የእሳቸው አባት ናቸው። ሁለቱ ሰዎች በወሬ ተቀላቅለው አንድ ሆነው ነበር። አሁን ቤተሰቡ አርበኛ አያቱን መልሶ አገኘ። በዚህ ክር ውስጥ ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ሦስቱ የሮማ ፊደላት ተፈግፍገው ቢሆን ኖሮ እኚያ አርበኛ ተረስተው ይቀሩ ነበር።

ምላሽ 21

ከዚያ ሌሎችም የየራሳቸውን አወጡ። አንዱ ሰናድር አለው። ቃታው አጠገብ ባለው የጎን ብረት ላይ ዘውድ፣ ታወር የሚል ጽሑፍና 1862 አለ። ጋሼ መለሱለት። 1862 ጠመንጃው ገና ከአፈሙዙ የሚጎርስ ኤንፊልድ በነበረ ጊዜ የተመታ ነው። እንግሊዞች ከ1866 ጀምሮ የበርሜሉን ኋላ ቆርጠው በጎን የሚከፈት መዝጊያ ገጠሙለት፤ ሰናድር የሆነው ያኔ ነው። በ1868 መቅደላ የመጡት ወታደሮች የያዙት ይህንኑ ነበር። ስለዚህ ጎኑ ላይ ያለውን ዓመት ይዞ ከመቅደላ በፊት አገር ውስጥ የገባ ነው ማለት አይቻልም።

ምላሽ 22

ሌላው ረሚንግተን አለው። ከኋላ በኩል፣ ሰደፉ በሚጀምርበት ምላስ ላይ የተደረደሩ ዓመቶች ያያል፤ የመጀመሪያው 1864፣ የመጨረሻው 1874። የትኛው ነው የተሠራበት ብሎ ጠየቀ። የትኛውም አይደለም። ሁሉም የባለቤትነት መብት የተሰጠባቸው ቀኖች ናቸው። ጠመንጃው ከመጨረሻው ቀን በፊት ሊሠራ አይችልም፤ የሚነግሩን ይህን ብቻ ነው። የድርጅቱ ስም ኢ ረሚንግተን እና ልጆቹ የሚል ከሆነ ደግሞ ከ1888 አይዘልም፤ በዚያ ዓመት ድርጅቱ ተሸጦ ስሙ ተለውጧል። የወታደሩ ረሚንግተን ብዙ ጊዜ መለያ ቁጥር የለውም። ስለዚህ ከዚህ የጠበበ ዓመት ከብረቱ ብቻ አይገኝም። ጠያቂው ትንሽ ቅር አለው፤ ትክክለኛውን ዓመት ነበር የፈለገው። 1875 እና 1876 ላይ ጉንደትና ጉራ የተሸነፈው የግብጽ ጦር ረሚንግተን ይዞ እንደነበር ጋሼ ሲያነሱ ግን ፊቱ ፈካ። ማነጣጠሪያው ላይ የዓረብ አሃዝ ካለ ፎቶ እንዲያመጣ ነገሩት።

ምላሽ 23

ልጁ በመጨረሻ የሳንጃውን ፎቶ አመጣ። ረጅም ሳንጃ ነው፤ ምላጩ ከኋላው ወፍራም፣ ሲቆረጥ ቲ ፊደል የሚመስል። እጀታው እንጨት፣ ጉልላቱ ናስ። የግራ ሳንጃ ላይ ደስ የሚለው ነገር ፋብሪካው፣ ወሩና ዓመቱ በእጅ ጽሑፍ አምሳል በጀርባው ላይ ሙሉ ለሙሉ መቀረጹ ነው። ልጁ ያነበበው ሻቴልሮ፣ ማርስ 1879 ይላል። የፈረንጆቹ ማርች ነው።

ፋብሪካውም ዓመቱም ከጠመንጃው አይገጥምም። የሳንጃው መስቀለኛ ላይ ያለው ቁጥርም ከበርሜሉ ቁጥር ጋር አይመሳሰልም። ሁለቱ ከፋብሪካ አብረው አልወጡም፤ በመንገድ ላይ የተገናኙ ናቸው። ሳንጃው የተሠራበት ወር ስላለው ብቻ የጠመንጃውን ዕድሜ በእሱ የሚናገሩ ሰዎች አሉ። አያስኬድም።

ምላሽ 24

8ኛው አባል የማቀባበያውን ቁጥር ጠየቀ። ልጁ አየ። ከበርሜሉ ቁጥር ሌላ ነው። ስለዚህ ማቀባበያው ከሌላ ግራ የመጣ ነው። ይህ ነውር አይደለም። አንድ ግምጃ ቤት ውስጥ ብዙ ጠመንጃ ተፈትቶ ሲጠረግ ማቀባበያዎቹ ይደባለቃሉ። መዝገብ ላይ ግን መጻፍ አለበት፤ ከፊደሉ ጋር። ፊደሉን ትቶ አሃዙን ብቻ የጻፈ ሰው ግማሹን ጥሏል።

ምላሽ 25

አንዱ የእሱ ግራ ላይ ስታየር የሚል ስላለ የውሸት ነው ወይ ብሎ ፈራ። አይደለም። የኦስትሪያው የስታየር ፋብሪካ ለግሪክ መንግሥት ግራ ሠርቷል። ሌላው ደግሞ የሱ ጠመንጃ ለምን 11 ሳይሆን 8 ሚሊሜትር እንደሆነ ጠየቀ። ኤም 14 የሚል ማህተም ፈልግ ተባለ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለለበል ጥይት የተለወጡ አሉ።

ምላሽ 26 እና 27

ሕግ ተነሳ። 26ኛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ጠቅሶ፣ አሮጌ ነው ብሎ መዘናጋት እንደማይገባና ልጁ ሳይመዘገብ ከቆየ ፖሊስ ጠይቆ ሥርዓት እንዲያስይዝ መከረ። መለያ ቁጥሩንም ሙሉውን ለሁሉ ሰው በሚታይ ቦታ አለመለጠፍ ይሻላል አለ። ልክ ነው፤ የልጁን ፎቶዎች የመጨረሻ አሃዞች እኔ ሸፍኛቸዋለሁ። 27ኛው አንድ ጊዜ ተኩሶ መሞከር ይቻል ይሆን ብሎ ጠየቀ። አራት ሰው በአንድ ድምፅ አይቻልም አለው። ከ140 ዓመት በላይ የቆየ ብረት ውስጡ ምን እንደሆነ ከውጭ አይታይም። ማቀባበያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ከሁሉ በፊት ጥይት እንዳልጎረሰ አረጋግጡ፤ የድሮ ሰው አጉርሶ ነው የሚሰቅለው።

ምላሽ 28

ከልቤ የተደሰትኩበት ምላሽ ነው። ከዚህ በፊት ጽፎ የማያውቅ አባል ነው የጻፈው። በርሜሉ ላይ እንቁላል የሚመስል ትንሽ ክብ፣ ውስጡ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ ፊደላት እንዳሉ ፈልግ አለው። ይህ የቤልጅየሟ የሊየዥ ከተማ የጠመንጃ መፈተሻ ቤት ማህተም ነው። ሠሪውን አይናገርም። በርሜሉ እዚያ ተፈትኖ ማለፉን ነው የሚናገረው። ሊየዥ ከየአገሩ ጦር የወጣ ያረጀ ጠመንጃ ተገዝቶ፣ ተጠግኖ ወደ ሌላ አገር የሚሸጥባት ከተማ ነበረች። ዋናው ቁልፍ ግን ከክቡ በላይ ዘውድ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው። ባለ ዘውዱ ማህተም የመጣው በ1893 ነው።

ምላሽ 29

ልጁ አንድ ቀን ሙሉ ጠፋ። ከዚያ ማህተሙን ይዞ መጣ። አለ። ዘውዱም አለ። ከዝገቱ በታች ነበር፤ በዘይት ካለሰለሰው በኋላ ነው ብቅ ያለው። 5ኛው እንዳለው በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎት ቢሆን ይህን አናይም ነበር።

ምላሽ 30

8ኛው ሁሉንም አገጣጥሞ ጻፈ። በርሜሉ በ1878 ሴንት ኤትየን ተሠራ። ከ1880 ወዲህ የጋዝ ቦዩ ወጣለት። ከጦሩ ወጥቶ በ1893 ወይም ከዚያ በኋላ ሊየዥ ተፈተነ። ሳንጃው የሻቴልሮ ነው፤ ማቀባበያው የሌላ ግራ። ኢትዮጵያ የገባው ከሊየዥ በኋላ ከሆነ ከ1893 በፊት ሊገባ አይችልም። አድዋ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ማህተሙ ከወጣበት ጊዜ እስከ አድዋ ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላም። ጠባብ ነው፤ ግን ይበቃል።

ምላሽ 31 እና 32

13ኛው ተመልሶ ይህ አድዋ አልደረሰም ለማለት በቂ ነው አለ። ጋሼ በእርጋታ መለሱለት። ጠባብ በር ዝግ በር አይደለም፤ የአጼ ምኒልክ የጦር መሣሪያ ግዢ ደግሞ በእነዚያው ዓመታት ነበር የተፋጠነው። 13ኛው ይህን ተቀበለ። ለአጎት ልጅም ይቅርታ ጠየቀ፤ አጭር ነበር፣ ግን ጠየቀ።

ምላሽ 33

የመጨረሻው የልጁ ነው። ከሁለቱ ገጾች የብረቱን ጽፎ ጨርሷል። እሱን እኛም አየነው። የቤተሰቡን ደግሞ ከታላቅ አክስቱ ሊጽፍ ነው፤ ቅድመ አያቱን በዓይን ያየች እሷ ብቻ ናት። 9ኛዋ አባል የምትጠየቀውን ላከችለት፦ ጠመንጃው በማን እጅ ነበረ፣ ከማን ተገዛ ወይም ተሰጠ፣ ሳንጃው ከመጀመሪያው አብሮ ነበር ወይስ በኋላ መጣ፣ ማቀባበያው ተሰብሮ ያውቃል ወይ። አክስትየው ስለ ሳንጃው የምትለው ካለ አዲስ ክር ይከፈትለታል። ይህኛውን እዚህ ዘግቼዋለሁ።